ፊታውራሪ ዞር በሉ

ሰው በወደቀበት ሁሉ ከንስሐ አባቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው የሌለው አገር የለም። ማን እንደ ጠራው አይታወቅም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ይገባና በሽተኛውን ሳያይ የበሽታውን ስም ይነግራችኋል። የጉና ግርጌ ሰዎች ዕጣ አያ እሸቴ ነበሩ።

«ዞር በሉ! እኔ አለሁ!» ይላሉ። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ በስውር «ፊታውራሪ ዞር በሉ» ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱን ማንም ባይነግራቸውም አረማመዳቸው የተሿሚ ነበር።

ጎረቤታቸው ሙላቴ ገድላቸውን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ትሁን የምትባለውን ሴት አጥንት አንቋት ዓይኗ ሲገለባበጥ፣ አጎንብሰው በትከሻዎቿ መካከል በመዳፋቸው ደጋግመው መትተው አስተፍተዋታል። ይኼ እውነት ነው፤ ግን ያቺን አንድ አጥንት አሥር ዓመት ሙሉ በየሰርጉና በየተዝካሩ አወሯት። ተክሌን በቅሎ ረግጣው እግሩ ሲሰበር ደግሞ ፈጥነው ደርሰው ደህነኛውን እግር አሰሩለት። «ኧረ ያኛው ነው!» እያለ ሲጮህ «በሽተኛ ምን ያውቃል!» ብለው ተቆጡት። በፍልሰታ ጾም ወርቅነሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ ብትቆይባቸው «ወደቀች!» ብለው አንድ ገምቦ ውሃ ቸለሱባት። ሴትዮዋ እየሰገደች ነበር። ቄሱ እንኳ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ።

ሙላቴም ይስቅ ነበር፤ ከይፋግ በፊት።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከየቤቱ ወንድ ለመንገድ ሥራ ይውጣ ተባለ። ሙላቴና ታናሽ ወንድሙ ካሳሁን ወጡ። አያ እሸቴ ልጃቸውን አስቀርተው ራሳቸው ወረዱ። የጉና ሰው ከነባናው ተወለደ ቢባል ብዙም ውሸት አይደለም፤ ያንኑ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባናቸውን እንደ ለበሱ ነበር ታች ሜዳው ላይ ይፋግ ሙቀት ውስጥ የገቡት። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይፈልጣሉ። በርሜል ሙሉ ውሃ አለ፤ ግን ድንጋይ ለሚያመላልሰው መኪና ነው። የሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ ጅራፉን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ለሰው ጠዋት አንድ ቅል፣ ማታ አንድ ቅል።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ካሳሁን መዶሻውን ጥሎ ከእናቱ ጋር ማውራት ጀመረ። እናቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ወዲያው ወደቀ። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል፤ ጠብታ ላብ የለውም።

«ዞር በሉ! እኔ አለሁ!»

አያ እሸቴ ግንባሩን ነካ አድርገው ፈረዱ። «ምች ነው! ሸፍኑት! ላብ ያውጣው!»

ዳማከሴ በጥሰው፣ ጨምቀው አፍንጫው ውስጥ ጠብ አደረጉለት። ባና በባና ላይ ደረቡበት፤ ሦስት ሆነ። ሙላቴ ማየት አላስቻለውም። ጫፉን ገልጦ ከጠዋት ድርሻው ካተረፋት ውሃ ጥቂት ግንባሩ ላይ አፈሰሰ። ካሳሁን ዓይኑን ገለጠ። ወንድሙን ለየው።

«ድገመኝ» አለ።

«ምን አረግህ አንተ!» አያ እሸቴ የሙላቴን እጅ ያዙ። «ምች ላይ ውሃ? ልትገድለው ነው?»

ባናውን እስከ አናቱ መልሰው ጎተቱት። ትልቅ ሰው ተናግሯልና ሙላቴ እሺ አለ። ቅሉ ውስጥ ገና ውሃ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ባናውን ሲገልጡት ካሳሁን ሞቷል።

ፍትሐት የሚያደርስለት ቄስ አልተገኘም። መንገዱ ዳር ቀበሩትና ካቦው ወደ ድንጋያቸው መለሳቸው። ሙላቴ አያ እሸቴን መግደል ፈለገ። ቅሉን ባየ ቁጥር ደግሞ ራሱን ጠላ።

አያ እሸቴ «እኔ አለሁ» ማለት ተዉ። አንዱን ድንጋይ እግሩን ሲጨፈልቀው እንኳ አልቀረቡም። ዓይናቸው መኪናው ላይ ብቻ ሆነ። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ይግላል፣ ይጨሳል፤ ሾፌሩ ጥላ ሥር ያቆመዋል፣ ክዳኑን ይከፍትለታል፣ ውሃ ያጠጣዋል።

«ሙላቴ» አሉ አንድ ቀን፣ ፊቱን ሳያዩ። «መኪናው ሲግል ባና አያለብሱትም።»

ሙላቴ ጀርባውን ሰጥቷቸው መዶሻውን አነሳ።

በሳምንቱ ለእሱም ድንጋዩ ሁለት ሆኖ ታየው። ካሳሁን ከማዶ ሲጠራው ሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌሎች ናቸው የነገሩት። አያ እሸቴ «ዞር በሉ» አላሉም። ጎትተው ዋርካ ጥላ ሥር አስገቡት፤ ባናውንና እጀ ጠባቡን ገፈው ጣሉ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ በርሜሉ ሄደው የመኪናውን ውሃ በባልዲ ቀዱ። ካቦው ጀርባቸውን በጅራፍ ገመሰው። አልዞሩም። ውሃውን ደረቱ ላይ አፍስሰው፣ በነጠላቸው አራግበውለት እንደገና ሄዱ። ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ የቆጠረ የለም፤ ጅራፉም አብሯቸው ተመላለሰ።

ሙላቴ ዓይኑን ሲገልጥ አንድ ሽማግሌ አጎንብሰውበታል። ደማቸው በክንዳቸው ይወርዳል። ባልዲውን እንደ ያዙ ናቸው።

«ልድገምህ?» አሉት።

ሙላቴ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። «ይድገሙኝ፣ አያ» አለ።

ያ ጀርባ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። ጣሊያን ከሄደ በኋላም አያ እሸቴ ጎብጠው ነው የሚሄዱት። አመላቸው ግን አልጎበጠም፤ አምና እንኳ አንድ ሰካራም ሞተ ብለው ቄስ አስጠርተውለታል። አሁንም ገበያ ላይ ሰው ሲወድቅ በምርኩዛቸው ያዘግማሉ፤ ሰዉም «መጡ ደግሞ!» እያለ ያጉረመርማል። ግን እሳቸው ሳይደርሱ አንድ ሰው እየሮጠ ቀድሟቸው ይገባል። ውሃ የሞላ አሮጌ ቅል ይዟል። ሙላቴ ነው፤ ቅሉም የይፋጉ ቅል ነው።

«ዞር በሉ!» ይላል ሰዉን በክርኑ እየገፋ። «አያ እሸቴ መጡ!»