አዲስ ቤት ከነስንጥቁ

ጫማ ገዝቶ የተጸጸተ ሰው ጫማውን አልጋ ሥር ይወረውረዋል። ሸሚዝም ከሆነ ለወንድም ይሰጣል። ቤት ገዝቶ የተጸጸተስ ምን ይሁን? ጸጸቱን በቁልፍ ከፍቶ ይገባል፣ ከውስጥ ቀርቅሮ ይተኛል፤ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ!» ሲለው ደግሞ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ «እንቦሳ እሰሩ» ይላል።

እኔ እንዲያ ነኝ። መካነ ሰላም ከተማ ዳር ላይ ገና ቀለሙ የሚሸት የብሎኬት ቤት ገዛን። ባለቤቴ ዘሃራ ዕድሜዋን በኪራይ ቤት ስትንከራተት ስለኖረች ቁልፉን ስትቀበል በደስታ አለቀሰች። እኔም ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ብዬ ቀለሙን ብቻ አይቼ ፈረምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው ቤት ሲሆን ግን ምኑ ይለቀማል?

ብዙም ሳንቆይ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ፀጉር ያክል ነበር፤ ውሎ አድሮ ጣት ማስገባት ጀመረ። መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ክረምቱም ደርሷል። የሸጠልንን ሰውዬ ብጠይቀው «ቤቱ እየተደላደለ ነው፣ አብሽር!» አለኝ። ቤት ሲደላደል ሰው እንቅልፍ ያጣል እንዴ? የዘሃራን ደስታ እንዳልነጥቃት ቁም ሳጥኑን ገፍቼ ስንጥቁን ከለልኩት። ከዚያ ወዲህ ደመና በጠቆረ ቁጥር ሰማዩን አያለሁ፣ ቁም ሳጥኑን አያለሁ፣ ደግሞ እሷን አያለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ለቤቱ ዱዓ እንዲያደርጉልን የሰፈራችንን አባት ሸህ ሙሄን ጠራን። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መጡ። ሸሁ ሳሎን ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ስለ ጤና ለመኑ፤ አሚን አልን። ስለ ዝናብ ለመኑ፤ እኔ ቀስ ብዬ አሚን አልኩ። ቀጠሉና፣

«ያረቢ፣ ያንን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለውን ስንጥቅ አንተው ያዝልን!» አሉ።

እናንተዬ፣ አሚኑን ትቼ ቀና አልኩ። ሸሁ መኝታ ቤት ገብተው አያውቁም! ከሁሉ ከፍ ያለው አሚን የመጣው ከዘሃራ ነው።

እንግዶቹ እንደወጡ «ማን ነገራቸው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ። አቧራ ስጠርግ አየሁት። ወላሂ፣ አንተ ቤቱን ወደኸው የለ? ደስታህን ምን ብዬ ልንጠቅህ? ለሳቸው ነገርኩ።»

ለካ አንድ ግድግዳ ለየብቻችን ስንፈራ ከርመናል። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ። ፍራሹን እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ወደ ሳሎን አወጣነው።

«ደግነቱ ሳሎኑ ደህና ነው» አልኳት።

«አዎ፤ ብቻ እዚህ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የካዕባ ስዕል እንዳታነሣው» አለችኝ።