የአቶ ስንሻው እጅ

ትናንት አቶ ስንሻው ሕልም አዩ። የት ተኝተው እንዳዩት አሁን ብነግራችሁ ሕልሙ ይበላሻል፤ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቋቸው። አቶ ስንሻው በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። የተዘጋ ነገር ካዩ ከፍተው ሳያዩት አያልፉም፤ ሞተርም ይሁን የሰው ጉዳይ። ይህ ጠያቂነታቸው ያስወድዳቸዋል። የማያስወድዳቸው ቁጣቸው ነው። በሠራተኛ ማህበሩ ስብሰባ ላይ ጡረታ የሚባል ነገር ሲነሳ ደማቸው ይፈላል። ምክንያትም አላቸው። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ፊደል ሳይቆጥር ሞቱ። እናታቸው አራት ልጅ ያሳደጉት በየወሩ በምትመጣው በሟች ባላቸው ጡረታ ነው። "እኔን ያስተማረኝ የሞተ አባቴ ነው" ይላሉ አቶ ስንሻው።

አሁን ድርጅቱ ወደ አክሲዮን ሊዛወር ነውና ማህበሩ አቋሙን እንዲያሳውቅ ተጠይቋል። ወይ ጡረታው እንዳለ ይቀጥል ብሎ ይከራከራል፣ ወይ ጡረታው ቀርቶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይሰጠው ብሎ ይስማማል። ወጣቶቹ ገንዘቡን ፈልገዋል። ፊታውራሪያቸው መክብብ የሚባል የጎማ ክፍል ሠራተኛ ነው። ባለፈው ስብሰባ አቶ ስንሻው ጠረጴዛ ደብድበው "አንተ ሆዳም!" ብለው ሰደቡትና ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፍነሽ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። ሁለተኛ ሳይፈቀድላቸው አንዲት ቃል ከተናገሩ ከአዳራሽ ይወጣሉ፣ ድምፅም አይሰጡም።

ትናንት ደግሞ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ በር ላይ ያዟቸው።

"በማርያም ይዤሃለሁ ስንሻው፣ እጅህን ሳታወጣ እንዳትናገር! አንተ ብትሞት እኔም የምኖረው በዚያችው ጡረታ ነው።"

"ዝም እላለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ማልልኝ።"

"ብናገር የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!" አሉና ወጡ።

ሕልሙ እንግዲህ እንዲህ ነው።

የቤታቸው በር ተንኳኳ። ሲከፍቱት ከደጃፋቸው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሰው ተሰልፏል። የተሰለፉት የጡረታ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ከተላላኪ እስከ ዋና ዳይሬክተር፣ ሁሉም በክራቫት። ዳይሬክተሩ ጉርድ ፎቶግራፋቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል።

"ምን ነበር?" አሉ አቶ ስንሻው።

"በሕይወት መኖራችንን ልናረጋግጥ ነው ጌታዬ። ጊዜው ደርሷል ተባልን።"

እኛ በምናውቀው ዓለም አለመሞቱን ሊያስመሰክር የሚሄደው ጡረተኛው ነው። አቶ ስንሻው እናታቸውን ከሕመም አልጋ አንስተው፣ ደግፈው፣ "ይኸው አሉ" ለማለት ወስደዋቸው ያውቃሉ። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ሲያዩት ደስ አላቸው፤ ከደስታው በላይ ግን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ፈለጉ።

"ምስክር አላችሁ?"

"ሁለት አለን" አሉና ዳይሬክተሩ ከኋላቸው የቆመውን በግ አሳዩ። "ይሄ በግ በደንብ ያውቀናል።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛውም እሱ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይመሰክራል።"

በጉ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ስንሻው ግን በበግ ቃል የሚረኩ ሰው አይደሉም። የመላጫ መስታወታቸውን አምጥተው ዳይሬክተሩ አፍንጫ ሥር ያዙት።

"እስቲ ይተንፍሱ።"

ዳይሬክተሩ ተነፈሱ። መስታወቱ ላይ ምንም አልታየም። እንደገና ተነፈሱ፤ አሁንም ምንም የለም። በጉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመረ።

"ነገ ተመለሱ፣ ሲስተም የለም" አሉ አቶ ስንሻው። ይህን ነገር ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቁም ነበር።

"ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያሉን!" ብለው ዳይሬክተሩ አለቀሱ። አቶ ስንሻው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ግቡ ሊሏቸው ሲሉ ግን ቤቱም ሰልፉም የለም፤ ራሳቸውን ዋናው መንገድ ላይ አገኙት።

መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሰው ተሳፍሮ ይሄዳል። ተሳፋሪዎቹ በትከሻቸው ተሸክመውታል፤ ትኬት ቆራጯ ከጎን ከጎን እየሮጠች ለእያንዳንዱ ሒሳቡን ትከፍላለች። መካኒክ መቼም መካኒክ ነው፤ አቶ ስንሻው ተንጠራርተው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ውስጡ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ኮታቸውን አውልቀው ፔዳል ይመታሉ።

"እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"አድማ ላይ ነን!" አለ አንደኛው ላቡን እየጠረገ። "የሠራተኛው ጡረታ እጥፍ ካልሆነ ከዚህ አንወጣም!"

"ማንን ነው የምትጠይቁት?"

"እሱን ገና አልተስማማንበትም" አለ ሁለተኛው፤ ክዳኑንም ከውስጥ ሳበው።

በዚህ ጊዜ ጺማቸው ደረታቸውን የሸፈነ አንድ ሽማግሌ መሰላል ተሸክመው እየሮጡ መጡ።

"አባቴ፣ ወዴት ነው?" አሉ አቶ ስንሻው፣ አብረው እየሮጡ።

"ሥራ! አርፍጃለሁ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው።"

"በዚህ ዕድሜዎ?"

"ታዲያ በየትኛው? ሰው የሚቀጠረው በሰማንያው አይደል እንዴ?"

"ጡረታዎስ?"

"እሱንማ ጨረስኩት! ስወለድ ነው የሰጡኝ፤ በአንድ ጊዜ፣ በጆንያ። ጉልበት ሳለኝ በላሁት።"

"ጣፈጠዎት?"

ሽማግሌው ቆሙ። መሰላሉን መሬት አውርደው ጺማቸውን አሻሹ። "መጣፈጡን አስታውሳለሁ" አሉ። "ምን እንደበላሁ ግን ጠፋኝ።" መሰላላቸውን አንስተው ሮጡ።

አቶ ስንሻው ይህን ለመክብብ ልንገረው ብለው ዞር ሲሉ የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፍነሽ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አባላቱ በሙሉ መድረኩ ላይ ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። መሐል ላይ አንድ ሰው ብቻ እጁን አውጥቶ ዝም ብሏል፤ ፊቱ ላይ የቅዱስ ሰላም ይታያል። በር ላይ ቀይ ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰረ አህያ ቆሟል።

"አንተ ማነህ?" አሉት አቶ ስንሻው።

"ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ነኝ። አንተስ?"

አህያ አንተ ሲላቸው ሊቆጡ ነበር፤ መሐላቸው ትዝ አላቸውና ዋጡት። "ይህ ሰው እጁን አውጥቶ ዕድል የማይሰጡት ለምንድነው?" ብለው ጠየቁ።

"ዕድሉን መቼ አጣ? ዝም እንዲል ተፈቅዶለታል። እዚህ ዝም ማለት የፈለገ እጁን ያወጣል፤ ያላወጣ ይናገራል።"

"ጭብጨባስ አለ?"

"ጭብጨባ ቅጣት ነው። አምና አንዱን አጨብጭበንበት ይኸው እስከዛሬ ከቤቱ አልወጣም።"

"ስድብስ?"

"ይፈቀዳል፤ ራስን ብቻ ነው ታዲያ።" ወዲያው ከኋላ አንድ ሰው "እኔ ደንቆሮ ነኝ!" ብሎ ጮኸና ረክቶ ተቀመጠ።

"ክርክሩስ እንዴት ነው?"

"አንተ ለባላጋራህ ትከራከርለታለህ፤ እሱ ላንተ ይከራከርልሃል። ይኸው ተራው ደረሰ፣ ስማ" አለ አህያው።

መክብብ ወደ ፊት ወጣ።

"እኔ ስንሻውን ሆኛለሁ" ብሎ ጀመረ መክብብ በቀስታ። "አባቴ ሲሞት እናቴ ከሰው ቤት አልገባችም፣ እጇን ለልመና አልዘረጋችም። በየወሩ አባቴ ከመቃብር እየመጣ አስቤዛ ይሰጣት ነበር። ጡረታ ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ ለቤቱ የሚዘረጋው እጅ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ብትሰጡን በመጀመሪያው ወር ዘመዳችን ይበዛል። በሁለተኛው ዓመት ሚስቶቻችን የሰው ደጅ ይጠናሉ። እኔ የምቆጣው ለዚህ ነው፤ ስለምፈራ ነው የምቆጣው።"

አቶ ስንሻው አለቀሱ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠረጴዛ ሲደበድቡ ይህን ነበር ማለት የፈለጉት፤ አንድም ቀን እንዲህ አሳምረው ብለውት አያውቁም።

"ተራህ ነው" አላቸው አህያው።

"እኔ መክብብን ሆኛለሁ" አሉ አቶ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠርገው። ምን እንደሚሉ አላወቁም ነበር፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን መጣላቸው። "ጠብቅ ትሉኛላችሁ። እኔ እንኳን ጡረታ የወሩ መጨረሻም አልደረሰልኝ። አከራዬ ኪራይ ሲጨምርብኝ ጡረታ እስክወጣ ታገሠኝ ልበለው? የአጎቴ ጡረታ ዛሬ ሽንኩርት ገዝቶ ዘይት አይገዛም፤ የኔ ሲደርስ ምን ሊገዛ ነው? የምታወሩልኝን ሽምግልና እኔ አላየሁትም፤ ያየሁት ረሃቤን ነው። ሆዳም አትበሉኝ። ሆዳም ማለት ጠግቦ የሚጨምር ነው፤ እኔ ርቦኝ ነው።"

ያሉትን ሲሰሙ ራሳቸውም ደነገጡ። ልጁ ለካ ይህን ነበር የሚለው! አንድም ቀን ጨርሰው ሰምተውት አያውቁም። አንገታቸውን ደፍተው ቀና ሲሉ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ፤ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ሁሉንም አሳምነዋቸዋል። በገዛ አፋቸው የአባታቸውን እጅ ሊያስቆርጡ ነው!

ዝም ማለት ፈለጉ፤ አፋቸው ግን አልዘጋ አላቸው። "ዝም ልበል! ፍቀዱልኝ፣ ዝም ልበል!"

"በወጉ ጠይቅ!" አለ አህያው። "እጅህን አውጣ!"

እጃቸውን አወጡ።

"አልታየም! ከፍ አድርገው!"

ክንዳቸው ከብብታቸው እስኪነቀል ድረስ ከፍ አደረጉት። ያን ጊዜ ጭብጨባው ተጀመረ። አቶ ስንሻው በሐፍረት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ "አታጨብጭቡብኝ፣ ሽማግሌ ነኝ!" ሊሉ ሲሉ ነቁ።

አሁን የተኙበትን ልንገራችሁ። አቶ ስንሻው የተኙት እዚያው ስብሰባው ላይ፣ የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ነበር፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የሒሳብ ሹሙ ሪፖርት ያነባል። እንደማሉት ዝም አሉ፤ ዝምታ ያልለመደበት ሰው ደግሞ ዝም ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል። ኮፍያቸው ዓይናቸው ላይ ወርዶ ስለነበር ማንም አላወቀባቸውም። "አስተያየት ያለው አለ?" ሲባል ዝም፣ መክብብ ሲናገርም ዝም። "ጋሽ ስንሻው እንዴት ያለ ጨዋ ሆነዋል!" ብለው አጠገባቸው ያሉት ተንሾካሹከው አድንቀዋቸዋል።

ከዚያ ወይዘሮ እልፍነሽ "ጡረታው ቀርቶ የአንድ ጊዜ ክፍያውን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አሉ። የአዳራሹ ግማሽ እጁን አወጣ። ልክ ግማሽ ነበር፤ ቆጣሪዎቹ ሁለት ጊዜ ቆጥረው እኩል ነው ሊሉ ሲሉ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ረጅም፣ ግሪስ የጠገበ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

በዚያች አንድ እጅ አለፈ። ጭብጨባው የዚህ ነበር።

አቶ ስንሻው ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞሮ ያጨበጭባል። ይሄ ቅጣት ይሁን ምስጋና ለጊዜው አልለይላቸው አለ። መክብብ ወንበር እየዘለለ መጥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ጋሽ ስንሻው፣ ይቅር ይበሉኝ። ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ለኛ ለልጆችዎ ብለው የራስዎን ሲተዉ!..."

ያን ጊዜ ገባቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ትዝ አሏቸው፤ ከመቃብር አስቤዛ ይዘው የሚመጡት አባታቸው ትዝ አሏቸው። ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ሳይፈቀድላቸው አንዲት ቃል ቢወጣቸው ከአዳራሽ ይባረራሉ፤ በአባታቸው አጥንትም ምለዋል። ለመናገር ደግሞ አስቀድሞ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል። እጃቸው እንደሆነ ከወጣ አልወረደም። እንደዚያው ዘርግተው፣ እያለቀሱ፣ ወይዘሮ እልፍነሽን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ጠበቁ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ባለፈው ስለተቆጧቸው ሳይጸጸቱ አልቀሩም፤ ከመድረኩ ሆነው በፍቅር ፈገግ አሉላቸው።

"አቶ ስንሻው፣ ኧረ እጅዎን ያውርዱ" አሏቸው። "ተቆጥሯል።"