ከሠላሳ አንድ

የትርንጎ አባት ልጃቸውን ወደ አይከል ሊወስዱ ጎንደር መጡና ከሠላሳ አንድ አምጥታ አገኟት። የሆነው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ማውራት አልወድም። ነገር ግን ከሠላሳ አንዱን ያመጣችው ምንም ፈተና ሳትፈተን ስለሆነ ትንሽ ማብራራት ግድ ይላል።

መቼም በአገራችን በሁለት ቁጥሮች መካከል እንደምትጋደመው ጭረት ሰው ያስለቀሰ ነገር ያለ አይመስለኝም። በአንድ ወገን ያገኘኸው፣ በሌላው ወገን ማግኘት የነበረብህ። እናንተስ ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? ዛሬም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታዩ ዓይናችሁ ቀድሞ ከጭረቷ በፊት ያለውን ቁጥር ይፈልጋል። እኔን ያሳደገኝ አጎቴ ነው። አንድ ቀን ከሃምሳ ሦስት ያመጣሁበትን ወረቀት አየና "ደብተርህን ለታናሽህ ስጠው" አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ጠዳ ገበያ የሰው ጆንያ ስሸከም አደግሁ። ስለዚያ ዘመን ይህ ይበቃል።

አሁን ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አለችኝ። አንድ በእጅ የሚሠራ አሮጌ ማተሚያ፣ ሁለት ጠረጴዛና እኔ። የሠርግ ጥሪ አትማለሁ። ትርንጎ ከኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ አንድ ቀን ስትገባ ሥራ ፈላጊ መስላኝ ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ የተቀረጸ ጣውላ አውጥታ "ጋሽ በለጠ፣ ይኼን ማተም ይቻላል?" አለችኝ። አህያ ናት። ወፍጮ ቤት ደጅ ቆማ ተራ የምትጠብቅ አህያ። ሁለተኛ ጣውላ አወጣች፤ ሌላ አህያ። ከዚያም ሌላ። ሁሉም በየራሳቸው መልክ የሰለቻቸው።

"ስንት ይታተም?" አልኳት።

"ሠላሳ ብቻ። ከዚያ ማንም ዳግም እንዳያትመው ጣውላውን እንፍቀዋለን።"

እኔ የማውቀው ሠርግ ነው። ጎንደር ውስጥ ሠላሳ ሰው ብቻ የሚጠራበት ሠርግ ካለ ሙሽሮቹ ተጣልተዋል ማለት ነው። ቢሆንም አህዮቹ ስላሳዘኑኝ እሺ አልኩ።

አተምን፣ በእጅ ሰፋን፣ በፍየል ቆዳ ደጎስን። ትርንጎ በየመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ስሟንና የቅጂውን ተራ ቁጥር በእርሳስ ጻፈች። የመጀመሪያው 1/30፣ ቀጣዩ 2/30፣ እንዲህ እያለ እስከ 30/30። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ደንቡ ይህ ነው፤ ብዙ እንዳልታተመና የትኛው ቅጂ እንደሆነ ይታወቅ ተብሎ። ከዚያ አንድ ትንሽ አዳራሽ ይዘን ለሽያጭ ዘረጋናቸው።

ገና በጠዋቱ አንድ ርዕሰ መምህር ገብተው የሁሉንም መጨረሻ ገጽ እየገለጡ ከመረመሩ በኋላ 30/30 የሚለውን አነሡና "እኔ ሙሉውን ነው የምወስደው" አሉ። ያኔ ነገሩ ሊገባን ይገባ ነበር። ከሳቸው በኋላ የገባው ሁሉ ከሃያ አምስት በታች ያለውን በእጁም አልነካ። ትርንጎ "ተራ ቁጥር ነው" እያለች ታስረዳለች፤ ሰውም "ገብቶናል፣ ገብቶናል" እያለ ሃያ ዘጠኝን ይሻማል።

በዚህ መሃል አባቷ አያ አዛናው ደረሱ። አይከል፣ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ያዥነት አግኝተውላት ነው የመጡት። አስቀድመው በስልክ ተስማምተዋል፤ መጽሐፉን አይተው ሥራ ከመሰላቸው ትቀራለች፣ ካልመሰላቸው በዚያው ቀን አብራቸው ትሳፈራለች። ትርንጎ የዚያን ዕለት ቁርስ እንኳ አልበላችም። የመጀመሪያውን ቅጂ ለማንም ሳትሸጥ ለሳቸው አስቀምጣለች።

አያ አዛናው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው መጽሐፉን ተቀበሏት። ቀስ ብለው ገለጡ።

"ይቺ የእኛዋ ቡላ ናት" አሉ። "ጆሮዋ ራሱ ነው።" ደግሞ ገለጡ። "ይኼ የጎረቤታችን ነው። ሲያዩት ሌባነቱ ያስታውቃል።"

ትርንጎ ትንፋሽ አገኘች።

"ሸጋ ነው" አሉ። ከዚያ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱና የእርሳሱን ጽሕፈት ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"እንዲህ ሸጋ አድርገሽ ሠርተሽ ምነው ከሠላሳ አንድ ሰጡሽ?"

"አባዬ፣ ውጤት አይደለም። ሠላሳ ብቻ ነው ያተምነው።"

"ምነው፣ ወረቀት አለቀባችሁ?"

"አይ፣ ጣውላውን ፍቀነዋል።"

"ዕቃም አበላሽተሻላ።"

ወደ እኔ ዞሩ። በአዳራሹ ውስጥ አራሚ የሚመስለው እኔ ነበርኩ መሰል። "በእርሳስ ነው የጻፋችሁት" አሉኝ፣ ሊያስታርቅ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ላጲስ የለህም?"

ትርንጎን አየኋት። በሐሳቧ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ሰውን ወዴት እንደሚልክ አውቃለሁ።

"አያ አዛናው" አልኩ፣ "ይኼ ነጥብ አይደለም፤ ደረጃ ነው። ከሠላሳ አንደኛ።"

ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ የታተመው እሱ ነው። በመጀመሪያና በአንደኛ መካከል ያለውን ልዩነት የሰዋስው ሰዎች ተሰብስበው ይፍረዱ።

"ልጄ ከሠላሳ አንደኛ ወጣች" አሉ አያ አዛናው፣ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ። አዳራሹም ሰማ። ሙሉውን ይዘው ገና ያልወጡት ርዕሰ መምህር መጽሐፋቸውን ገልጠው እንደገና አዩት።

"እንዴ፣ ታዲያ እኔ ሠላሳኛ ነኝ?"

አያ አዛናው ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረጓቸው። "አይዞህ የኔ ወንድም፤ በሚቀጥለው ትበረታለህ።"

ርዕሰ መምህሩ በዚህ ቃል ስንት ልጅ እንደሸኙ እንጃ። ሲቀበሉት ግን አላማረባቸውም። ቅድም ሃያ ዘጠኝን ሲሻማ የነበረው ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ሁለትና ሦስትን መፈለግ ያዘ።

እኔ በልቤ ልጅቷን አዳንኳት ብዬ ስኮራ፣ አያ አዛናው ወደ ልጃቸው ተመለሱ። "በይ እንግዲህ፣ አንደኛ ከወጣሽማ ጨርሰሻል። ልብስሽን ሰብስቢ። ማኅበሩም አንደኛ የወጣች ገንዘብ ያዥ ከየት ያገኛል?"

የነበረችኝ ብልሃት ያቺው ብቻ ነበረች። ብልሃቷም ከድታኝ ከሻንጣው ጋር አበረች። ትርንጎ ግን እንደ እኔ አልደነገጠችም።

"አባዬ፣ አንደኛ የወጣ ልጅ ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል፣ ያልፋላ።"

"ወዴት?"

"ወደሚቀጥለው ክፍል..." ብለው አቆሙ። ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩአት። "ሒሳብ ያስተማርኩሽ በእኔው ላይ ልትደምሪብኝ ኖሯል?"

 ትርንጎ ፈገግታዋን ዋጠችው።

"የሚቀጥለውስ ከስንት ነው?" አሉ።

"ከሃያ።"

"ተማሪው እየሸሸ ነዋ።" ዱላቸውን አነሡ። "ይሁን። ሁለተኛ ብትወጪ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ።"

መጽሐፉን ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። እስከ መናኸሪያ ሸኘናቸው። መኪናው ወደ አይከል ሲነሣ ለልጃቸው ብለው የያዙት ወንበር ከጎናቸው ባዶውን ሄደ። ትርንጎ ጎንደር ቀረች።