የአባዬና የጋሼ ዘለቀ ኢሚግሬሽን

ተመረጥኩ! ናይሮቢ ውስጥ ለሚሰጥ የስድስት ቀን የወጣት ጸሐፊዎች ሥልጠና ተመረጥኩ! ስለ አባዬ ጃንጥላ የጻፍኳት የሁለት ገጽ ታሪክ ተነብባ፣ ተወድዳ፣ እኔን አስጠራችኝ። መልእክቱ ስልኬ ላይ የገባው ባለፈው ወር ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ባጃጅ ውስጥ እንዳለሁ እልል አልኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ጥግ ያዘ፤ ጉዳዩን ስነግረው እሱም ክላክሱን እየነፋ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። ጎንደር እንዲህ ናት፤ ደስታ ሲገኝ ማንም አይቀርም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሰውን ከውጭ አገር የሚያስቀረው የኢሚግሬሽን መኮንን አይደለም። ዘመድ ነው! መኮንን ምን በወጣው? እሱ ምስኪን አራት ጥያቄ ጠይቆ ማኅተሙን ሊመታ የተቀመጠ ሰው ነው። ዘመድ ግን... ያዘጋጃችኋል።

ወሬው በተሰማ በሦስተኛው ቀን የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ዘለቀ አርባ ሰባት ጥያቄ በደብተር ጽፎ ከዛሪማ መጣ። ጋሼ ዘለቀ በቤተሰባችን የውጭ አገር ጉዳይ ሊቅ ነው። ሊቅነቱ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የዓረብ አገር አየር ማረፊያ ድረስ ሄዶ፣ ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በመጣበት አውሮፕላን ተመልሷል። ከእኛ ውስጥ እዚያ ድረስ የሄደ ሌላ ማን አለ? ማንም! ስለዚህ ሊቅ ነው። ለምን እንደመለሱት ግን ተናግሮ አያውቅም። «ነገሩ ረጅም ነው» ይልና ስለ አየር ማረፊያው መስታወት ማውራት ይጀምራል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ኢሚግሬሽን ሆነ። ጠረጴዛው ወደ በሩ ተገፋ። ጋሼ ዘለቀ የአባዬን ካፖርት ደረበ፤ ጥቁር መነጽሩን አደረገ፤ ለማኅተም የሻይ ብርጭቆ ያዘ። የብርጭቆውን ቂጥ ሰሐን ላይ በፈሰሰ ሻይ ነክሮ ወረቀት ላይ ሲያሳርፈው ክብ ምልክት ያወጣል። አባዬ ጥግ ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። አባዬ መሪጌታ ናቸው፤ በደብራቸው ዜማ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ዳዊቱ ላይ ነው፤ ጆሯቸው እኛ ላይ።

«ቀጣይ!» አለ ጋሼ ዘለቀ።

ከእኔ ሌላ ሰልፈኛ አልነበረም። ቀረብኩ።

«እንዴት ዋልህ? ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው? ቤተሰብ...»

«አቁሚ! መኮንን እንዲህ ሰላም አይባልም!»

«ምነው?» አለች እማዬ ከጓዳ። «ሰው አይደለም እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነው እቴ!»

«ሥራ ላይ የዋለ ሰው ነው እንጂ ደህና ነህ ወይ የሚባለው።»

መኮንናችን በረጅሙ ተነፈሰና ቀጠለ። «ወዴት ነሽ?»

«እዚችው ደርሼ ልመለስ።»

በእናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ዘንድ «ወዴት ነሽ?» ሲባል የሚሄድበትን የሚናገር የለም። ገበያም ይሁን ባሕር ዳር፣ መልሱ «እዚችው» ነው። ሳላስባት ከአፌ ወጣች።

«ሰማይ ሰንጥቀሽ፣ አገር አቋርጠሽ፣ እዚችው?! ተመላሽ!»

ወደ በሩ ሄጄ ተመልሼ ተሰለፍኩ።

«መቼ መጣሽ?»

«ለማርያም።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ለመድኃኔዓለም።»

ምን ላድርግ? በአባዬ ቤት ቀን ቁጥር የለውም፤ ጥርስ ማስነቀል እንኳ ቀጠሮው ለአቦ ነው።

«ኧረ አንች ልጅ!» ጋሼ ዘለቀ መነጽሩን አወለቀ። «ናይሮቢ ያለ መኮንን ማርያም በስንት እንደምትውል በምን ያውቃል?»

«ካላወቀ ትንገረው» አሉ አባዬ ዓይናቸውን ከዳዊቱ ሳይነቅሉ። «ማርያም ሃያ አንድ፣ መድኃኔዓለም ሃያ ሰባት። አንድ ነገር ቢማር ምን ይጎዳዋል?»

ሦስተኛ ዙር። አሁን ነቅቻለሁ።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሁድ!»

«ሸጋ! ድገሚው።»

«እሁድ!»

ብርጭቆው ሻይ ነካ፣ ወደ ላይ ተነሳ፣ ደብተሬ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው... ዳዊቱ ተዘጋ። እኛ ቤት ዳዊት ያለሰዓቱ ከተዘጋ ነገር አለ ማለት ነው።

«እሁድ ብቻ?» አሉ አባዬ።

«እሁድ ከሰዓት» አልኩ፣ የጎደለው ሰዓቱ መስሎኝ።

«እግዚአብሔር ሳይፈቅድ?»

«መሪጌታ!» አለ ጋሼ ዘለቀ። «ይህ ኢሚግሬሽን ነው! መኮንን የሚፈልገው ቁርጥ ያለ መልስ ነው።»

«ነገን ቁርጥ አድርጎ የያዘው ማን ነው? አንተ ነህ? እሷ ናት? ወይስ መኮንኑ? እግዚአብሔር ከፈቀደ ሳይባል ከዚህ አዘዞም አይኬድ!»

«እኔን ያስመለሰችኝ ይቺው ቃል ናት'ኮ!»

ጋሼ ዘለቀ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ግን አንዴ ወጥታለች። ያቺ «ረጅም ነገር» ለካ ይህችን ታህል አጭር ኖራለች!

«‹መቼ ትመለሳለህ?› አሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹እግዚአብሔር ሲፈቅድ› አልኳቸው። በዚያው ዕለት መለሱኝ።»

አባዬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ታዲያ ፈቀደልህ'ኮ!»

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ልታፍነው ሞከረች። አልታፈነላትም።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ለእነሱ ክርክር ነው፤ ለእኔ ናይሮቢ ነው! አንዲት ቃል ጨምሬ እንደ ጋሼ ዘለቀ ብመለስስ? አንዲት ቃል ቀንሼ አባዬን ባስቀይምስ? መቼም የአባዬን ቅያሜ ይዤ ብሄድ ጽሑፍ አይደለም ስሜን መጻፍም አይሆንልኝ። ሁለቱ እየተጯጯሁ ሳለ እማዬ ከጓዳ ወጥታ ፈረደች፦ «እሁድን በአፏ ትበል፤ የቀረውን በልቧ።» ሁለቱም አኮረፉ። ሁለቱም ካኮረፉ ፍርዱ ትክክል ነው ማለት ነው።

ናይሮቢ ደረስኩ። መስታወቱ በእርግጥ ጋሼ ዘለቀ እንደሚለው ነው። መኮንኗ ጥፍሯን ቀይ የቀባች ወጣት ሴት ናት። ስለ ልጆቿ አልጠየቅኳትም፤ እማዬ ይቅር ትበለኝ።

«ለምን መጣሽ?»

«ለሥልጠና» አልኩና የጥሪ ደብዳቤዬን አቀበልኳት። «እዚችው» አላልኩም! ተመልከቱ እድገቴን!

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሁድ።»

ቁርጥ ያለች፣ ያማረባት፣ የጋሼ ዘለቀ እሁድ! ማኅተሙን አነሳች። እኔም የቀረውን በልቤ ልል ዓይኔን ጨፈንኩ።

ልብ ለካ ከንፈር አለው!

«ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ከንፈርሽ ተንቀሳቅሷል።»

«ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ ምን አልሽ?»

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። የመሪጌታ ልጅ ፈጣሪዋን ከጠራች በኋላ «ምንም» ብላ ሁለት ጊዜ ትዋሻለች?

«እግዚአብሔር ከፈቀደ... አልኩ።»

«ካልፈቀደስ?»

ይሄ ጥያቄ ደብተሩ ላይ የለም! አርባ ሰባቱንም አጥንቻለሁ፤ የለም!

«ካልፈቀደማ... እሱ ያውቃል።»

ማኅተሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። በቀይ ጥፍሯ ግድግዳ ሥር ያለ ወንበር አሳየችኝ። ወንበሩን ገና ሳየው አወቅኩት፤ አገሩ ይለያል እንጂ የጋሼ ዘለቀ ወንበር ነው! ተቀመጥኩበት። የአባዬ ጃንጥላ፣ የባጃጁ ክላክስ፣ የእኔው እልልታ፣ ሁሉም በዓይኔ ዞረ። እንባዬ መጣ። በመጣሁበት አውሮፕላን ተመልሼ ሁለተኛዋ የቤተሰቡ ሊቅ ልሆን ነው!

ከቆይታ በኋላ ሽበታም መኮንን መጡ። ደብዳቤዬን አነበቡ፤ የመመለሻ ቲኬቴን አገላበጡ፤ «ቤትሽ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ?» አሉኝ። አለ እንጂ! ጋሼ ዘለቀ «ወሬዋን ሳልሰማ ዛሪማ አልመለስም» ብሎ እኛ ቤት ነበር። ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳው። ሽማግሌው ድምፁን ከፍ አደረጉትና በእንግሊዝኛ ጠየቁት፦ «ልጅቷ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ሰንደይ!» አለ ጋሼ ዘለቀ።

ከኋላው ያን የዜማ መምህር ድምፅ ሰማሁት፦ «እግዚአብሔር ከፈቀደ በል!»

«ሰንደይ! ሰንደይ፣ ሰር!»

«አንተ ሰው፣ ከፈቀደ በል!»

«ኧረ ይተዉ መሪጌታ፣ ልጅቷን ሊያስመልሷት ነው!»

«ስልኩን ወዲህ በሉ!» ይህቺ እማዬ ናት። «ልጄ፣ እህል ቀመስሽ?»

ሽማግሌው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አደረጉት። «የመጀመሪያው ማን ነው?»

«አጎቴ። እሁድ ትመለሳለች ነው የሚለው።»

«ሁለተኛውስ?»

«አባቴ ናቸው። እሁድ ትመለሳለች፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ ነው የሚሉት።»

«ሴትዮዋስ?»

«በልተሻል ወይ ነው የምትለው።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «የእኔም እናት ጓሮ ጎመን ልትቀነጥስ ስትወጣ እንኳ ‹ከፈቀደ› ትላለች» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ቤት ትቶ የሚቀር ልጅ የለም። ደግሞ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ዳኛ ያስፈልጋቸዋል። ግቢ!»

ጧ! ማኅተም! ሻይ ሻይ የማይል፣ እውነተኛ ማኅተም!

ስለ ሥልጠናው ምን ልበላችሁ? ስድስቱን ቀን ሙሉ ያስተማሩን ጽሑፍ ማሳጠር ነው። እንደምታዩት በደንብ ገብቶኛል።

እሁድ ደረሰ። ቦርሳዬን ይዤ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዝናብ! ሰማዩ እንዳለ ወረደ። በረራው ለነገ ተዛወረ ተባለ። ደወልኩ።

«አባዬ፣ ዛሬ አልመጣም። በረራው ለነገ ዞረ።»

ወዲያው፦

«እሁድ አልነበር ያልሽው?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ለትንሣኤ ብቻ ነው። ልጃቸው ሰው አገር ተንገላታ እሳቸው ፍስሐ ላይ ናቸው! ከኋላ ጋሼ ዘለቀ «ዝናብ ነው! ዝናብ'ኮ ነው!» እያለ ይጮኻል። «ዝናቡንስ ማን ላከው?» አሉት አባዬ።

መድኃኔዓለምን ናይሮቢ ውዬ ለአማኑኤል ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ አባዬን አታውቋቸውም። ኢሚግሬሽኑ አልፈረሰም! እንዲያውም ሁለት መስኮት ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ በካፖርታቸው አንደኛው መስኮት ላይ ይሰየማሉ፤ ጋሼ ዘለቀ ከዛሪማ እየተመላለሰ ሁለተኛው ላይ። አባዬ ዘንድ እግዚአብሔር ከፈቀደ ያላለ ይመለሳል፤ ጋሼ ዘለቀ ዘንድ ደግሞ እንዲያ ያለ ይመለሳል። ጉዞ ያሰበች አንዲት ጎረቤታችን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተመላሽ ሆና፣ አሁን የማንም አገር መኮንን እንደማያስደነግጣት ትናገራለች።

አባዬ «ለአንባቢዎችሽም ንገሪያቸው» ብለውኛልና እነሆ ጥሪያቸው፦ መንገድ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ቤታችን ኑ። ፓስፖርት አያስፈልግም። ደብተር ግን ያዙ፤ ማኅተሙ ይፈሳል። እማዬ በልታችኋል ወይ ማለቷ አይቀርም፤ ብትበሉም አልበላንም በሏት።

ትመጣላችሁ አይደል?

«እንመጣለን» ብቻ ያላችሁ... ከበር ተመልሳችኋል!