ስለ ፒፓ አጫሾቹ ሥዕል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ አዳራሽ

የተገኙ፦
1. አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ሰብሳቢ
2. ጋሽ ሰረቀብርሃን፣ አባልና የሥዕሉ ለጋሽ
3. ናዖድ፣ አባል
4. ዘነበ፣ አባል (ከፕሌዘንተን እየነዳ፣ በስፒከር)
5. ያለምዘውድ፣ ጸሐፊ

ከሰባት አባላት አምስት ስለተገኙ፣ ዘነበም ትራፊክ ላይ ቢሆን ድምፁ ስለደረሰ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ለ3:00 የተጠራው ስብሰባ እንደ ልማዳችን 4:10 ላይ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ከመግቢያው ፊት ለፊት የተሰቀለው ሥዕል

ጋሽ ሰረቀብርሃን ከጋራዥ ሴል፣ ማለትም ከሰው ቤት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣ ገዝተው የሰጡት የድሮ የሆላንድ ሥዕል ቅጂ፣ አራት ገበሬዎች መጠጥ ቤት ተቀምጠው ፒፓ ሲያጨሱ ያሳያል። አንደኛው ፒፓውን ከጓደኛው ፒፓ እየለኮሰ ነው። ሰብሳቢው ትንባሆ በሃይማኖታችንም በአዳራሹ የኪራይ ውልም የተከለከለ ስለሆነ ይውረድ አሉ።

ናዖድ «ስካን አድርጌ ፒፓውን ዋሽንት ላድርገው» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ዘነበ በስፒከር ዋሽንት ከዋሽንት ይለኮሳል ወይ ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ሰረቀብርሃን በበኩላቸው፣ «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው ሰው ፍለጋ ነው። እናንተ ፈርማችሁ ውልቅ ትላላችሁ። ቁጭ ብለው የሚጠብቁኝ እነዚህ አራቱ ናቸው። እነሱ ከወረዱ እኔም አልመጣም» አሉ። እዚህ ላይ የጸሐፊዋ አንጀት ተበልቷል፤ ይመዝገብ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሥዕሉ እንዲወርድ በ3 ለ2 ተወሰነ። ሰብሳቢው አየር ለመቀበል የአሥር ደቂቃ እረፍት ሰጡ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

እረፍቱ ግማሽ ሰዓት ስላለፈው ጸሐፊዋ ጉባኤውን ፍለጋ ከጋሽ ሰረቀብርሃን ጋር ፓርኪንግ ሎት ወጣች። ዘነበ ደርሶ ኖሯል። ሰብሳቢው ሲጋራቸውን ከዘነበ ሲጋራ እየለኮሱ፣ ናዖድም ቬፑን፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን፣ ይዞ፣ ክብ ሠርተው ሲሳሳቁ ተገኙ።

ሰብሳቢው «የዘነበን እየያዝኩለት ነው» ሲሉ አስረዱ። ዘነበ የራሱን በአፉ ይዞ ስለነበር ማብራሪያው አልጸደቀም። በዕድሜያቸው ትንባሆ ቀምሰው የማያውቁት ጋሽ ሰረቀብርሃን «ዋሽንቱ ጥሩ ይነፋል?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋም የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ስትል አስተያየት ሰጠች።

ሰው ስለተሟላ ጉባኤው እዚያው ቆሞ ቀጠለ። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር፣ ሥዕሉ ባለበት እንዲቆይ፣ ሦስቱ አጫሾችም ቅዳሜ ቅዳሜ ስልካቸውን ኦፍ አድርገው ከጋሽ ሰረቀብርሃን ጋር ሥዕሉ ሥር ቁጭ እንዲሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው 5:40 ላይ ተዘጋ። ሥዕሉ ሥር ወንበር አውጥተን ቁጭ ብለን ስለነበር ወደ ቤታችን የሄድነው 7:30 ላይ ነው።