የሊቀ ገመድ ኤሊያስ የበሬ ድርሻ

በእያንዳንዱ ሰፈር፣ ምንም ነገር ቢበላሽ ጥፋተኛውን ሳያይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሆሳዕና፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ቦታ የያዘው ጎረቤቴ ኤሊያስ ነው። ለእሱ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ገመድ ነው። የሚሠራው እርሻ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ነው፤ እኔ ግን ማዕረጉን ጠብቄ ሊቀ ገመድ ኤሊያስ እለዋለሁ።

ሞርሲቶ ከተማ ለቅሶ ሄደን የድንኳኑ ማይክሮፎን አፏጨ። ሊቀ ገመድ የሟችን ልጅ ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ገመዱ ነው" አለው። ዶዮገና ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ሲገቡ ከስፒከሩ ኋላ ተንበርክኮ ስለነበር፣ በቪዲዮው ላይ ከሙሽራው ፊት ይልቅ የእሱ ጀርባ ጎልቶ ይታያል። እኔ ቤት መጥቶም ሬዲዮዬን እንደ በሽተኛ ዳበሰና፣ "ዕቃው ምን ያድርግ? ገመዱ አንቆት ነው እንጂ!" አለኝ።

እሱ ቤት ገመድ መሬት አይነካም። "ሲሚንቶ ድምፅ ይጠጣል" ስለሚል እያንዳንዱን በትናንሽ እንጨቶች ላይ አጋድሞታል፤ እንግዳ ሶፋው ጋ ለመድረስ እግሩን እያነሳ ይሻገራል። አዲስ ገመድ ሲገዛ ደግሞ መጀመሪያ ይሟሻል። ሸክላ ድስት ሲሟሽ አውቃለሁ። ገመድ ሲሟሽ ያየሁት እሱ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት ካሴት ይዘምርለታል፤ መብራት ከሄደ እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል። ሽቦ ያው ሽቦ ነው ብዬ ስንት ዓመት ተከራከርኩት!

እስከ ዘንድሮ ይህ ሁሉ ያስቀን ነበር። ዘንድሮ ግን ሊቀ ገመድ የሥጋ ማኅበራችንን የቱታን ብር በላ። በቱታችን የሰፈሩ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ እናዋጣለን፤ የዘመን መለወጫችን ያሆዴ ሲደርስ በሬ ገዝተን ሥጋውን እንከፋፈላለን። ሊቀ ገመድ በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ድርሻውን አወጣና አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ከፋይ በለበሰ ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ መጣ።

ሚስቱ ገነቴ በቀጥታ የሄደችው የቱታው ዳኛ አቶ ባፈና ጋ ነው።

"አቶ ባፈና፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር በዊጆ ማኅበር ቅቤ ሳጠራቅም ነው የከረምኩት። አሁን ሥጋ የለም። ቅቤውን ገመዱን ልቀባበት?"

ጉባኤ ተቀመጠ። ሻጩ በሳምንት ውስጥ ካልወደድከው መልስ ብሎት ስለነበር ውሳኔው ቀላል ሆነ፦ ሊቀ ገመድ ሳያይ ውዱን ገመድ ከርካሹ ከለየ ገመዱ እሱ ጋ ይቀራል፣ ሥጋው ይቀርበታል፤ ካልለየ ገመዱ ተመልሶ ብሩ ወደ በሬው ይገባል። የድምፁ ዋና ዳኛ አቶ ባፈና ሆኑ። የግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ የቀኙ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ነው።

እሱ ቤት ተሰብስበን ከቴፑ ፊት ነጠላ ተጋረደ፤ ገነቴ ሁለቱን ገመዶች ይዛ ከኋላው ገባች። የተመረጠው ካሴት እሷ ሳታገባ የዘመረችበት የመዘምራን ካሴት ነው። እኔ ግድግዳው ጥግ ስለተቀመጥኩ የምታደርገው ሁሉ ይታየኛል።

መጀመሪያ ውዱን ሰካች። ሊቀ ገመድ ሁለት ስንኝ እንኳ አላስጨረሰም።

"ታፍኗል! ይሄ ርካሹ ነው።"

ቀጥላ ከገበያ የተለቀመውን ቀጭኑን ርካሽ ገመድ ሰካች። ሊቀ ገመድ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ እጁን አነሳ።

"ይሄ ነው! ስሙ፣ አዝማቹ ሊገባ ሲል አንዷ ትንፋሽ ትስባለች። ሌሎቹ ቀድመው ስበዋል፤ እሷ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ገነቴ ናት! ያኔ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መዝሙሩን ትቼ ያንን ትንፋሽ ነበር የምጠብቀው። ካሴቱ ላይ ጠፍቶብኝ ስንት ገመድ ቀየርኩ መሰላችሁ!"

ከነጠላው ኋላ ውዱ ገመድ ገነቴ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ገነቴ፣ የትኛው ነው?" አሉ አቶ ባፈና።

"ውዱ ነው" አለች በእጇ ያለውን ወደ ጀርባዋ ወስዳ። "አውቆታል።"

"ጆሮ ማለት ይሄ ነው!" አሉ ምንም ያልሰሙት አቶ ባፈና። ሥጋውን ከየድርሻችን ቆርጠን ለባልና ሚስቱ እንድናካፍል እዚያው ተስማማን። ሰዎቹ ሊቀ ገመድን ከበው እጁን ሲጨብጡ እኔ ሹልክ ብዬ ከነጠላው ኋላ ገባሁ፤ ርካሹን ነቅዬ ውዱን ሰካሁለት። ገነቴ ነጠላውን ይዛ ከለለችኝ። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ የዚያን ቀን ቢያፍር ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ገነቴ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እስቲ አንዴ ድገመው" አለችው።

ደገመው። አዝማቹ ሊገባ ሲል የዘገየችው ልጅ ትንፋሿን ሳበች።

"ሰማችሁ? ልክ እንደ ቅድሙ!" አለ ሊቀ ገመድ ፊቱ በርቶ።

እኔና ገነቴ ተያየን። "ልክ እንደ ቅድሙ" አልነው።