የጓሮ ባቡር ማኅበርና የእኔ ዋሻ

እኛ ሰዎች ብቻችንን መደሰት አይሆንልንም። ሌላ አገር ሰው የሚወደውን ነገር ሲያገኝ በሩን ዘግቶ ይደሰትበታል አሉ። እኛ ዘንድ ግን ሁለት ሰው አንድ ነገር ከወደደ ሦስተኛው ሊቀ መንበር ይሆናል፤ አራተኛው ጸሐፊ ይሆናል፤ አምስተኛው "ለምን ሳልጠራ?" ብሎ ያኮርፋል፤ ስድስተኛው ሊያስታርቅ ይመጣል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ማኅበር ይሆናል። ማኅበር ከሆነ ደግሞ ቀን አለው፣ ተራ አለው፣ ጠላ አለው። እንዲያውም ጠላው ካለ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይመጣል። እናንተም ከዚህ የተለያችሁ አይመስለኝም። ከተለያችሁ ንገሩኝና ማኅበር አቋቁመን እንመክርበታለን።

እኔ ፈንታው እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ሠርግ ተደግሶ እኔ ካልተጠራሁ ሙሽራው የታመመ ይመስላል። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጣራውን ልጠግን። ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ከልጄ ደብተር ላይ እየሰረቅሁ ስለሆነ፣ አሁንም "ሀ"ን ሳያት እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እገላመጣለሁ። ሀብቴም ክብሬም አፌ ነው። ይህን አፌን ነው እንግዲህ በአንድ ባቡር ያስያዝሁት።

ነገሩን ያመጣው ጎረቤቴ ኪሮስ ነው። ኪሮስ ዐረብ አገር የአንድ ሀብታም አትክልተኛ ሆኖ ሠርቶ ተመለሰ። ሌላው ከዚያ ሲመጣ ቴሌቪዥን ያመጣል፣ ብርድ ልብስ ያመጣል። ኪሮስ ሻንጣውን ሲከፍት ባቡር ወጣ። ያ ሀብታም በአትክልቱ መሃል ትንሽ ሐዲድ ዘርግቶ፣ በባትሪ የሚሄድ ባቡር ሲያስኬድበት ይውል ነበር አሉ፤ የኪሮስ ሥራ ሐዲዱ ላይ የሚበቅለውን ሣር መንቀል ነበር። ሰውየው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን "ውሰድልኝ" አለው። ክንድ የሚያህል ራስ፣ ሁለት ፉርጎ፣ ሁለት ጆንያ የሚሞላ ቁርጥራጭ ሐዲድ። እናቱ ሻንጣው ሲከፈት አለቀሱ። በደስታ ነው የሚሉ አሉ።

እኛ ግን ወደድነው። ከመካከላችን ባቡር የሚባለውን በዓይኑ ያየ ከኪሮስ በቀር ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ባቡሩ የኪሮስን ግቢ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁላችንም የባቡር ሊቅ ሆንን። ዐሥራ ሁለት ሆነን ተማማልንና የጓሮ ባቡር ማኅበር አቆምን። ከጽዋ ማኅበር በቀር ሌላ ደንብ ስለማናውቅ የእሱን ደንብ እንዳለ ወሰድነው፦ በየወሩ ባቡሩ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ይዞራል። ሐዲዱ በአህያ ተጭኖ ቀድሞ ይሄዳል፤ ባለተራው ጓሮውን ደልድሎ፣ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ባቡሩ ይዞራል፤ እናጨበጭባለን፤ "ለከርሞ ያድርሰን" ብለን እንለያያለን። የማኅበሩ አለቃ፣ በደንቡ ሙሴ የምንላቸው፣ አያ በሪሁን ናቸው። አያ በሪሁን ቁጥብ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡ ኽምጥኛ ይናገራሉ፤ ሲምሩ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ስለዚህ ፍርዳቸውን ሳልሰማ ገና በቋንቋው ዕጣዬን አውቃለሁ። ኪሮስ ሹፌር ሆነ። ሹመቱ ሲከፋፈል ለእኔ የቀረችኝ ፊሽካ ናት።

ማኅበር ሲጠና ጉዞ መውጣት አይቀርም። የኪሮስ አማቾች ጽጽቃ ከተማ ስለሚኖሩ "ባቡራችሁን አምጡና አሳዩን" ብለው ላኩብን። ባቡሩን በነጠላ ጠቅልለን፣ እንደ ሕፃን እያቀያየርን ታቅፈን መኪና ተሳፈርን። ረዳቱ አየንና "ይሄ የታቀፋችሁት ምንድን ነው?" አለ።

"ባቡር ነው" አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ታዲያ እሱ እያለላችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ በሰው መሳቅ እንጂ በእኔ መሳቅ ስላልለመድሁ እስከ ጽጽቃ ድረስ መልስ ስፈልግ ሄድሁ። እስካሁን አላገኘሁም።

ጽጽቃ ግን ክብር አገኘን። ሐዲዱን የዘረጋነው በአማቹ አውድማ ላይ ነበር። አውድማ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ክብና ለጥ ያለ ነው፤ በሬ ሲዞርበት የኖረ መሬት ባቡር ቢዞርበት አይገረምም። ባቡሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሴቶች እልል አሉ። እኔም ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ጠላውንም አልናቅሁትም። ከዚያ አያ በሪሁን "የሚቀጥለው ተራ የፈንታው ነበር" አሉ። "ነበር" ስትባል ዋንጫዬን አስቀመጥሁ። "ጓሮው ግን ቁልቁለት ነው። ይዘለል።"

በማኅበር ተራ መዘለል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቄሱ ሰውን ሁሉ በየተራ መስቀል እያሳለሙ መጥተው፣ አንተ ጋ ሲደርሱ መስቀሉን ኪሳቸው ከተት ቢያደርጉት እንደማለት ነው። ብድግ አልሁ።

"አያ በሪሁን፣ እርስዎ ቦይ ስቀይስ አይተውኝ አያውቁም?"

"አይቻለሁ። ለውኃ ጎበዝ ነህ።"

"ታዲያ ውኃ በሄደበት ባቡር እንዳይሄድ ምን ይከለክለዋል?"

"እሱን ባቡሩን ጠይቀው" አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ሰው ነበርሁ። ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ የተወለደ ነውና "ባቡሩ በእኔ ጓሮ ዞሮ መነሻው ላይ ካልቆመ፣ ተራዬ ዳግመኛ እስኪደርስ፣ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀልድ ከአፌ አትወጣም!" ብዬ ማልሁ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ለባቡሩ እንኳ እንደዚያ አልተጨበጨበለትም። ኪሮስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "እውነትህን ነው?" ሲለኝ የተስፋ ድምፅ ሰማሁበት።

ቤቴ ስገባ ሚስቴን ጥሩዬን አማከርኋት። አማከርኋት ስል፣ ነገርኋት። ጥሩዬ ከቤቱ ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ የተከለቻቸው ጌሾዎች አሏት፤ ከሥራቸው ጥቂት ጎመን አላት። ከተጋባን ጀምሮ "ከማድ ቤቱ በር ወደ ጌሾዬ አንዲት ቦይ ቅደድልኝ፤ የዕቃ እጣቢው እንኳ ይድረሰው" ትለኛለች። እኔም ከተጋባን ጀምሮ "ነገ" እላታለሁ። ለሰው ሁሉ ቦይ ስቀይስ ለእሷ "ነገ" ነኝ። ለባቡሩ ግን ዶሮ ሳይጮህ ተነሣሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሠራሁ። ከማድ ቤቱ በር ጀምሬ፣ ቤቱን ታክኬ፣ ቁልቁለቱን በድንጋይ እየካብሁ፣ በጌሾው መሃል ሾልኬ፣ ዞሬ እንደገና ወደ ማድ ቤቱ በር። መደቡን በጭቃ መረግሁት፤ ባቡሩ እንዳይወድቅ ግራና ቀኙን ጠርዝ አበጀሁለት። ልኩን የምለካው በማውቀው መንገድ ነው፦ በጆግ ውኃ አፈሳለሁ፤ ውኃው ከቆመ መደቡን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ውኃው ከሄደ "አበጀህ ፈንታው!" እላለሁ። ውኃው እየዘፈነ ሄደ። ሐዲዱን ላዩ ላይ ገጠምሁ።

ጥሩዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና "የባቡር መንገድ የሚለካው በውኃ ነው?" አለችኝ።

"እንዴታ! በምን ሊለካ ኖሯል?"

"በል እንግዲህ፣ በርታ።"

በርታ! ከተጋባን ጀምሮ ከዚህች ሴት አፍ "በርታ" የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ጮቤ ረገጥሁ።

የማኅበሩ ቀን ጠዋት፣ እንግዶች ሳይመጡ፣ የቀረችኝን ትንሽ ሥራ ልጨርስ ወጣሁ። የቀረችኝ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ማጋጠም ብቻ ናት። አየሁ። የሐዲዱ መጀመሪያ እምብርቴ ጋ ነው። መጨረሻው ጉልበቴ ጋ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ተነሥቼ አየሁት፤ ያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እያንዳንዷን ስንዝር ትንሽ ትንሽ ቁልቁል እያወረድሁ መጥቼ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሆናል ብዬ ጠብቄያለሁ። ውኃ እኮ አንዴ ከወረደ "ቤቴ ግባ" አይባልም፤ መውረድ ብቻ ነው ሥራው። ባቡር ግን ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። እኔ የሠራሁት የሚሸኝ እንጂ የማይመልስ መንገድ ነው።

አፌ ታየኝ። አዎ፣ አፌ፤ ዓመት ሙሉ ተሰፍቶ።

በዚህ ጊዜ ደጅ ላይ የአያ በሪሁን ሳል ተሰማ። ሰው ሲጨንቀው ብልህ ይሆናል ይላሉ፤ እኔ ሲጨንቀኝ አጭበርባሪ ሆንሁ። ሰሌን አነሣሁና በሁለቱ ጫፎች ላይ እንደ ድንኳን ወጠርሁት። ታችኛው ጫፍ ላይ አንድ ረጅም ጣውላ አጋደምሁ። ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ባቡሩ ሰሌኑ ውስጥ ገብቶ ጣውላው ላይ ሲወጣ፣ እኔ እዚያው ተኝቼ ከነጣውላው አንሥቼ ላይኛው ጫፍ ላይ አደርሰዋለሁ። ውጪ ያለው ሰው የሚያየው ባቡር ሲገባና ባቡር ሲወጣ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አያ በሪሁን ሰሌኑን እያዩ።

"ዋሻ ነው። ባቡር ዋሻ ይወዳል።"

ኪሮስ "ያ ሰውዬ ዘንድም ዋሻ ነበር" ብሎ መሰከረልኝ። እግዜር ይስጠው።

"ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ትገባለህ?"

"ፊሽካ ልነፋ! በዋሻ ውስጥ ካልተነፋ የት ሊነፋ ነው?"

ገባሁ። ባቡሩ ተለቀቀ። ቁልቁለት ስለሆነ ከጽጽቃው ይልቅ ፈጠነ፤ ጭብጨባው ዋሻው ውስጥ ድረስ ተሰማኝ። እየተንኳኳ መጣ፣ ጣውላው ላይ ወጣ፣ አነሣሁት፣ ላይ አኖርሁት፣ ፊሽካ ነፋሁ፣ ሄደ። "ዞረ! ዞሮ መጣ!" ሲባል ሰማሁ። ሁለተኛም ዞረ። አንዱ "ወይኔ፣ ዘንድሮም ሊያወራ ነው" ሲል ሰማሁ፤ ስሙን ይዤዋለሁ። ወገቤ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ዓይኔ ገባ፣ ግን እመኑኝ፣ የዋግ ሹመት ሁሉ ቢሰጠኝ ያን ያህል አልኮራም ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ውጪ ሰው "ውኃ! ውኃ!" እያለ መጮህ ጀመረ። ጠላው አለቀ ማለት ነው ብዬ አፈርሁ። ባቡሩ ደረሰ። ጣውላውን አነሣሁ። ባቡሩን ገና ደረቴ ላይ እንዳቀፍሁት፣ ከኋላው የሚከተለው ሌላ ባቡር ፊቴ ላይ ደረሰ፦ ጥሩዬ ጋኑን አለቅልቃ፣ የአንድ ሙሉ ጋን እጣቢ ማድ ቤቱ በር ላይ ደፍታው ኖሯል። ውኃው ሐዲዱን ሐዲዱን ይዞ፣ ቤቱን ዞሮ፣ በጌሾው መሃል አልፎ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል መድረሻው ላይ ገባ። መድረሻው እኔ ነኝ።

እየጮህሁ ብድግ ስል ሰሌኑ ራሴ ላይ ቀረ። እንግዶቼ ሁሉ ሰሌን የደፋሁ፣ አተላ በጢሜ የሚንጠባጠብ፣ ባቡር በጣውላ ታቅፌ የቆምሁ እኔን አዩ። ባቡሩ አልረጠበም። ጎማው፣ ይቅርታ፣ እግሩ፣ አየር ላይ ይሽከረከራል። ፊሽካዋም አፌ ውስጥ ስለነበረች ስተነፍስ ትጮሃለች።

አያ በሪሁን በኽምጥኛ ጀመሩ። አለቀልኝ አልሁ። ብዙ ተናገሩ፤ አልተረጉመውም፤ ልጆች ያነቡታል። ከዚያ ትንፋሽ ወስደው በአማርኛ፦

"ባቡር ሰው ይሸከማል ሲሉ ነበር የምሰማው። ባቡር የሚሸከም ሰው ዛሬ አየሁ።"

ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። ኪሮስ ሆዱን ይዞ የቤቱን ግድግዳ ተደገፈ። አያ በሪሁን ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው መደቡን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ውኃው ከሰሌኑ ሥር ሾልኮ የት እንደደረሰ በዓይናቸው ተከተሉት። ጎመኑ ሥር ደርሶ መሬት ሲጠጣው አዩ። "ቦይነቱ ግን" አሉ ቀስ ብለው፣ "እንዲህ ያለ ቦይ ከአባቴ ወዲህ አላየሁም።"

ያን ጊዜ ጥሩዬን አየኋት። ማድ ቤቱ በር ላይ ባዶውን ጋን አቅፋ ቆማለች። እኔ ባቡር፣ እሷ ጋን፤ ተፋጠጥን።

"አውቀሽ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ታቆመው ነበራ!"

ማኅበሩ ሐዲዱን ነቅሎ በአህያ ወሰደ። ተራዬ አልተዘለለም ተብሎ ተፈረደ፤ ባቡሩ ባይዞርም ጠላው ዞሯልና። መሐላው ግን ጸና። ከዚያ ወዲህ ሠርግ እጠራለሁ፤ አፌን ገጥሜ እቀመጣለሁ፤ ዝም ብዬ ሲያዩኝ ከቀልዴ ይልቅ ዝምታዬ ያስቃቸዋል። ይሄን ሁሉ ዓመት በከንቱ ደክሜ ኖሯል። ይህን የምጽፈውም የማለው አፌ ስለሆነ ነው፤ ፊደል ያውቃል ብሎ የጠረጠረኝ ስለሌለ እጄን ያስማለው የለም።

የጥሩዬ ጌሾ ግን አሁን ከቁመቴ በልጧል። ማታ ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እጣቢውን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና ታየኛለች። ወጥቼ ፊሽካዬን እነፋለሁ። ፊሽካ ቀልድ አይደለም። ትደፋዋለች፤ ውኃው ቤታችንን ዞሮ፣ በየጌሾው ሥር እየቆመ እያደረሰ፣ ጎመኑ ጋ ይወርዳል። እስካሁን አንድ ቀን አልዘገየም።